አጭበርባሪው በአማርኛ፣ ባንኩ በእንግሊዝኛ

ይህ የአንድ ባንክ አገልግሎት ግምገማ ነው። ስለ ወለዱም፣ ስለ ኤቲኤሙም፣ ስለ መተግበሪያው መልክም አይደለም። በባንኩ ስም የተጭበረበረ ደንበኛ «ድረሱልኝ» ሲል ባንኩ ምን ያደርጋል? የምገመግመው እሱን ብቻ ነው። የባንኩን ስም አልጠራም። ጉዳያችን ገና በእጃቸው ነው። ደግሞም የፈለግሁት አንድን ባንክ ማሳጣት ሳይሆን የእናንተ እናት፣ አባት ወይም አክስት እኛ ባለፍንበት መንገድ እንዳያልፉ ነው።

ነጥቤን ቀድሜ ላስቀምጥ። ለቅርንጫፉ ሠራተኞች ከ5 5። ለስልክ መስመሩ ከ5 1። ለሚልካቸው አጭር መልእክቶች ከ5 2። አሁን ምክንያቱን ልንገራችሁ።

አክስቴ ሾላ ገበያ በርበሬ፣ ሽሮና ቅመማ ቅመም ትሸጣለች። እናቴ ካረፈች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። በሒሳብ ማንም አይቀድማትም። እኔ ስልኬን አውጥቼ ቁጥር ስነካካ እሷ በቃሏ ደምራ ትጨርሳለች። አማርኛ በደንብ ታነባለች። እንግሊዝኛ ግን አታነብም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ መልእክት ገባላት። ስልኳ ላይ አሁንም አለ፣ እንዳለ ልገልብጠው፦

«ውድ ደምበኛችን ከውጭ ሀገር የተላከልዎ ገንዘብ ሂሳብዎ በፋይዳ ስላልታደሰ ተይዟል። ዛሬ እስከ ቀኑ 6፡00 ካላሳደሱ ገንዘቡ ወደ ላኪው ይመለሳል። ባለሙያችን ይደውልልዎታል። እናመሰግናለን።»

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህ መልእክት ተራ ነገር አይደለም። የእትዬ ልጅ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። በየሁለት ወሩ ገንዘብ ትልካለች፤ በዚያ ሳምንት ደግሞ «ልኬያለሁ» ብላ ነበር። ፋይዳ የሚባለውም እውነት ነው፤ ባንኮች ሁሉ ሒሳባችሁን ከፋይዳ ቁጥር ጋር አስተሳስሩ እያሉ ሲወተውቱ ነው የከረሙት። ስለዚህ እትዬ መልእክቱን ስታነብ ምንም እንግዳ ነገር አልታያትም። የምትጠብቀው ገንዘብ አለ፣ የሰማችው የፋይዳ ወሬ አለ፣ ሁለቱም አንድ ላይ መጡ።

«እንዴት አወቁ?» ብላ ስትጠይቀኝ መጀመሪያ እኔም ደነገጥኩ። በኋላ ሳስበው ግን ምንም አላወቁም። አንዱን መልእክት ለሺህ ሰው ይልኩታል። አዲስ አበባ ውስጥ ከሺህ ሰው መካከል ልጁ ወይም እህቱ ዓረብ አገር ያለች፣ በዚያው ሳምንት ገንዘብ የሚጠብቅ ሰው ስንት ነው? አይጠፋም። ለቀሪው ሰው ትርጉም የለሽ መልእክት ነው፣ ያጠፋዋል። ለዚያ አንድ ሰው ግን ልክ ለእሱ የተጻፈ ይመስላል። ስለዚህ መልእክቱ የእናንተን ሁኔታ ስላወቀ ብቻ እውነተኛ ነው አትበሉ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተደወለ። ድምፁ የተረጋጋ ነው። «እናቴ እንደምን አደሩ፣ ከባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት ነው» አላት። ከጀርባ የሌሎች ሰዎች ድምፅና የኮምፒውተር ቁልፍ ሲነካካ ይሰማ ነበር አለች። መጀመሪያ የሒሳብ ቁጥሯን ጠየቃት። ቀጥሎ «አሁን ስድስት ቁጥር ይመጣልዎታል፣ እሱን ያንብቡልኝ» አላት። ቁጥሩ መጣ። አነበበችለት። በመጨረሻ «ለማደስ የድሮውን ሚስጥር ቁጥርዎን ያስፈልገናል፣ ዛሬውኑ በአዲስ ይቀየራል» አላት። ሰጠችው። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ነገር እየደጋገመ ይላት ነበር፦ «እናቴ፣ ስልኩን እንዳይዘጉት፣ ከተዘጋ ከመጀመሪያው ልንጀምር ነው።»

አሁን ወደዚያች ወደያዛችሁልኝ ነገር ልመለስ። ያ ስድስት ቁጥር የመጣው ከእውነተኛው ባንክ ነው። ሌባው በራሱ ስልክ ላይ የእትዬን ሒሳብ ሲከፍት ባንኩ ማረጋገጫ ቁጥር የላከው ለእሷ ነው። መልእክቱ ላይ ከቁጥሩ በታች ማስጠንቀቂያ አለ። ይህን ቁጥር ለማንም እንዳትሰጡ፣ የባንክ ሠራተኛ ነኝ ቢላችሁም እንኳ፣ ይላል። ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው። ግን የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። እትዬ ያየችው ስድስት ቁጥርና የማታነበው ጽሑፍ ነው። የሌባው መልእክት በጠራ አማርኛ፣ የባንኩ ማስጠንቀቂያ በማታውቀው ቋንቋ።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይቆጨኛል። ባንኩ ቢልቦርድ ላይ በአማርኛ ያስተዋውቃል። በበዓል ቀን «እንኳን አደረሳችሁ» በአማርኛ ይልካል። ሰውን ሊያድን የሚችለውን አንድ ዐረፍተ ነገር ግን በእንግሊዝኛ። ለእትዬ አማርኛ ነው፣ ለጎረቤቷ ለጤፍ ነጋዴዋ ኦሮምኛ፣ ለሌላው ትግርኛ ወይም ሶማልኛ። ደንበኛ ሒሳብ ሲከፍት «መልእክት በምን ቋንቋ ይላክልዎ?» ብሎ መጠየቅ ያን ያህል ከባድ ነው? መልእክቶቹን ከ5 2 ያልኳቸው ለዚህ ነው። ሁለቱን የሰጠሁት ገንዘብ በወጣ ቅጽበት መልእክት ስለሚልኩ ነው። እትዬ ነቅታ የደወለችልኝ በዚያ ነው፤ እንግሊዝኛ ባታነብም ቁጥር ታነባለችና ቀሪ ሒሳቧ መውረዱን አየች።

መጀመሪያ 30,000 ብር ወጣ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ 16,500። በድምሩ 46,500 ብር። ለአንዳንዱ ሰው ትንሽ ይሆናል። ለእትዬ የልጇ የወራት ላብና የበርበሬ መግዣዋ ነው። «ልጄ፣ ከባንክ ደውለውልኝ ነበር፣ አሁን ብሩ ጎድሏል» ስትለኝ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። እንደዚያ ሆና ሰምቻት አላውቅም።

እኔ መሥሪያ ቤት ነበርኩ፣ ከሾላ ሩቅ። ለታናሽ ወንድሜ ደውዬ «ሩጥ፣ እትዬን ይዘህ ቅርንጫፍ ግባ» አልኩትና የባንኩን አጭር ቁጥር መታሁ። መጀመሪያ ቋንቋ ምረጡ አለኝ። ቀጥሎ ስለ አዲስ የቁጠባ ዓይነት ማስታወቂያ። ማስታወቂያውን ማለፍ አይቻልም። ቀጥሎ ለሒሳብ ጥያቄ 1፣ ለካርድ 2፣ ለሞባይል ባንኪንግ 3፣ እያለ ወረደ። «ተጭበርብሬያለሁ» የሚባል ምርጫ የለም። ሞባይል ባንኪንግ ብዬ 3ን ነካሁ። ሙዚቃ። «ጥሪዎ ለእኛ አስፈላጊ ነው።» ሙዚቃ። 17 ደቂቃ ጠበቅሁ፤ የስልኬ የጥሪ መዝገብ ላይ አለ። በመጨረሻ አንዲት ልጅ አነሳች፣ ጨዋ ነበረች፣ በእሷ አልፈርድም። ግን የነገረችኝ «ባለ ሒሳቧ እራሳቸው በተመዘገበው ስልካቸው መደወል አለባቸው» ነው። ይህ ደንብ ለምን እንዳለ ይገባኛል። ማንም ተነስቶ የሰው ሒሳብ እንዳያዘጋ ነው። ግን 17 ደቂቃ ጠብቄ የምሰማው ነገር መሆን አልነበረበትም፤ ማስታወቂያው በተነገረበት ቦታ ላይ ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ቢያስገቡት እኔም እዚያው ዘግቼ እትዬን አስደውላት ነበር።

ደቂቃ ለምን እንዲህ ያስጨንቀኛል? ድሮ ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው ገንዘብ ለማዛወር ሰነድ ይሞላ ነበር፣ ይጠበቅ ነበር። አሁን ባንኮቹ በኢትስዊች በኩል ስለተገናኙ ገንዘብ ከባንክ ወደ ባንክ በሰከንዶች ይደርሳል። ከ2013 ወዲህ ደግሞ ቴሌብር መጣ፣ ኋላም ኤምፔሳ ተጨመረ፣ በየሰፈሩ ወኪል አለ። ይህ ለሁላችንም ትልቅ ነገር ነው፣ እኔ ራሴ ያለሱ መኖር አልችልም። ለሌባም ግን ያው ነው። የወሰደውን ወዲያው ሌላ ሒሳብ ውስጥ ያስገባል፣ ከዚያ በጥሬው ያወጣል። ጥሬ ብር ከሆነ በኋላ ማገድ የሚባል ነገር የለም። የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ወርቅ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ቅርንጫፉ ሌላ ዓለም ነበር። ወንድሜና እትዬ የገቡት 4 ሰዓት ሲል ነው። ሰልፍ ነበር። ወንድሜ ለጥበቃው በለሆሳስ ነገረው፣ ጥበቃው ሰልፉን አሳልፎ ወደ አንዲት ወጣት ሠራተኛ ወሰዳቸው። ልጅቷ «እማማ፣ አይዞዎት፣ ይቀመጡ» አለችና ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ እንኳ ሳታበዛ ሞባይል ባንኪንጉን ዘጋችው። ወንድሜ ሰዓቱን አይቷል፤ ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ከዚያ ካርዱን አገደች። ከዚያ ደግሞ ሁለቱ ዝውውሮች የት እንደገቡ አየች። 30,000ው ገብቶ ወጥቷል። 16,500ው ግን ሌላ ባንክ ያለ ሒሳብ ውስጥ ገና ነበር። ስልኳን አንስታ ወደዚያኛው ባንክ ደወለች፣ ሥራ አስኪያጁን ጠርታ ደብዳቤ አስፈረመች፣ በኢሜይል አስላከች። ገንዘቡ እዚያው ታገደ። ይህን ሁሉ እያደረገች እትዬን አንድም ጊዜ «ለምን ሰጡት?» አላለቻትም። ውኃ አስመጣችላት።

ይህ የመጨረሻው ነገር፣ «ለምን ሰጡት?» አለማለቷ፣ ቀላል አይደለም። የተጭበረበረ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው እፍረት ነው። እትዬ በመንገድ ላይ ለወንድሜ «ለማንም እንዳትናገር» ስትለው ነበር። ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ነው የሚዘገየው፤ ለልጁ ለመናገር ያፍራል፣ ለባንኩ ለመናገር ያፍራል፣ ሲነጋ ነገሩ አልቋል። እባካችሁ እናታችሁ ወይም አባታችሁ እንዲህ ብለው ሲደውሉላችሁ አትቆጡ። ቁጣው ለሌላ ጊዜ እንዳይደውሉላችሁ ያደርጋል።

ከባንኩ ቀጥሎ ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ባንኩ የተቀባዩን ማንነት ለእኛ አይነግረንም፤ መረጃው የሚሰጠው በፖሊስ ደብዳቤ ነው። መርማሪው ቃል ተቀብሎ ጉዳዩ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንደሚታይ ነገረን። እዚህ ላይ የጠቀመን አንድ ነገር አለ። ወንድሜ መልእክቱንም ሆነ የጥሪውን መዝገብ እንዳያጠፋ ነግሬው ነበር፣ ሁሉንም ስክሪንሾት አንስቶ ይዟል። የመጡበት ቁጥሮች፣ ሰዓቶቹ፣ የባንኩ የወጪ መልእክቶች የዝውውር ቁጥራቸው ጭምር። መርማሪው ሲያየው «ብዙ ሰው በንዴት አጥፍቶት ነው የሚመጣው» አለን። አታጥፉ።

አሁን ያንን መልእክት ከእትዬ ጋር ቁጭ ብለን ደግመን ስናየው የታየንን ልንገራችሁ። የመጣው 09 ብሎ ከሚጀምር ተራ የስልክ ቁጥር ነው። ባንኩ ሌላ ጊዜ ሲልክ በራሱ ስም ነው የሚመጣው። እትዬ ያንን አላየችም፣ ምክንያቱም ያነበበችው ከላይ ያለውን ሳይሆን ጽሑፉን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ላኪውን እዩ። ግን በዚህ ብቻ አትተማመኑ፤ የላኪ ስምም በቴክኒክ ሊመሰል የሚችል ነገር ነው፣ እንዲያውም ከእውነተኞቹ መልእክቶች ሥር ሊገባ ይችላል። «ደምበኛችን» የሚለው የፊደል ግድፈትም ምልክት ነው ብለን ነበር፣ በኋላ ግን ከባንኩ የመጡ እውነተኛ መልእክቶች ላይ የባሰ ግድፈት አገኘን። ስለዚህ በፊደል አትፍረዱ።

የማይሳሳተው ምልክት የሚጠይቃችሁ ነገር ነው። ባንክ ገንዘባችሁ እሱ ዘንድ ነው ያለው። ገንዘብ ሊያስገባላችሁ የእናንተ ሚስጥር ቁጥር አያስፈልገውም። ገንዘብ ለመቀበል የሒሳብ ቁጥር ይበቃል። ሚስጥር ቁጥርና በመልእክት የሚመጣ ማረጋገጫ የሚያስፈልገው ገንዘብ ለማውጣት ነው። እትዬ ይህን ስነግራት ወዲያው ገባት። «ሱቄ ውስጥ ዕቃ የሚያስገባልኝ ሰው የሣጥን ቁልፍ አይጠይቀኝም፤ ቁልፍ የሚፈልገው የሚያወጣ ነው» አለችኝ። እኔ ካነበብኳቸው ማስጠንቀቂያዎች ሁሉ የእሷ ይበልጣል።

ሁለተኛው ምልክት «ስልኩን አይዝጉ» የሚለው ነው። እውነተኛ ሠራተኛ ብትዘጉበት ምንም አይጎዳበትም። ሌባ ግን እናንተ ከዘጋችሁ አንድ ሰው ልትጠይቁ ነው፣ አንድ ሰው ከጠየቃችሁ ደግሞ ሥራው ተበላሸ። ስለዚህ ዝጉ። ቅር ይለዋል ብላችሁ አትጨነቁ፤ እኛ ሰው ላይ ስልክ መዝጋት እንደ ነውር ስለምናይ እሱንም ይጠቀሙበታል። ዘግታችሁ ደግሞ እሱ በደወለበት ቁጥር መልሳችሁ አትደውሉ። በካርዳችሁ ጀርባ ወይም በደብተራችሁ ላይ ባለው ቁጥር ደውሉ፣ ካልሆነ ቅርንጫፍ ሂዱ። ከእኛ ጉዳይ ጋር ባይገናኝም ለማስታወስ ያህል፣ የንግድ ባንክ 951 ነው፣ የቴሌብር 127፣ የኢትዮ ቴሌኮም የደንበኞች አገልግሎት 994። የእናንተን ባንክ ቁጥር ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። ገንዘባችሁ ከሄደ በኋላ በጉግልና በቴሌግራም የባንክ ስልክ ስትፈልጉ በባንክ ስም የተከፈተ የውሸት ቻናል ውስጥ ልትገቡ ትችላላችሁ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ላይ ደግሞ ለየት ያለ ሞከሩበት። ቁጥርም አልጠየቁትም። «መስመርዎ ላይ ችግር አለ፣ ለማስተካከል *21* ብለው ይህን ስልክ ቁጥር አስከትለው # ይምቱ» አሉት። ይህ ምንም የሚያስተካክለው ነገር የለም። ወደ እናንተ የሚደወለውን ጥሪ በሙሉ ወደ እነሱ ስልክ የሚያዞር ትእዛዝ ነው። ባንኩ ለማረጋገጥ ቢደውልላችሁ የሚያነሱት እነሱ ናቸው። መትታችሁ ከሆነ ##002# ብላችሁ ደውሉ፣ የተዞረውን ሁሉ ይሰርዛል። በቴሌግራም «የባንኩ አዲስ መተግበሪያ» ተብሎ የሚላክ ፋይልም አለ፤ አትጫኑት። መተግበሪያ ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር ብቻ።

ሱቅ ላላችሁ ደግሞ ይህን ልጨምር፤ በእትዬ ዙሪያ ያሉ ነጋዴዎች ከባንክ ጥሪ ይልቅ የሚቸገሩት በዚህ ነው። ደንበኛ መጥቶ አምስት ሊትር ዘይትና ስኳር ይገዛል። «ልኬልሻለሁ» ብሎ ስልኩን ያሳያል፣ ስክሪኑ ላይ የተሳካ ዝውውር ይታያል። በዚያው ቅጽበት የሻጯ ስልክ ላይ መልእክት ይገባል፣ ይህን ያህል ብር ገብቶልዎታል ይላል። የሚቀረው ዕቃውን መስጠት ነው። ግን መልእክቱን የላከው አጠገቧ የቆመው ሰው ጓደኛ ነው፣ ከተራ ስልክ፣ የባንኩን አጻጻፍ ገልብጦ። ስክሪንሾቱም የተሠራ ነው። መፍትሔው አንድ ነው፦ የገባውን መልእክት ሳይሆን ቀሪ ሒሳባችሁን እዩ። ለንግድ ባንክ *889#፣ ለቴሌብር *127# መትቶ ማየት ይቻላል፣ ኢንተርኔትም አይፈልግም። ደንበኛው «እቸኩላለሁ» ቢልም ይጠብቅ። እውነተኛ ደንበኛ ግማሽ ደቂቃ ይጠብቃል።

«ተሳስቼ ልኬልዎት ነው፣ እባክዎ ይመልሱልኝ» የሚለውም ከዚሁ ወገን ነው። አብዛኛውን ጊዜ የተላከ ነገር የለም። በእርግጥ ቢገባም እንኳ ራሳችሁ አትላኩ፤ «ባንክህ ሄደህ አመልክት፣ እኔም ለባንኬ አሳውቃለሁ» በሉት። ገንዘቡ የሌላ የተጭበረበረ ሰው ሊሆን ይችላል፣ እናንተን መሻገሪያ አድርገዋችሁ።

ወደ ባንኩ ልመለስ። ከሳምንት በኋላ እትዬ ጋ እንደገና ተደወለ። «ከባንኩ የምርመራ ክፍል ነን፣ ብርዎ ተገኝቷል፣ ለማስመለሻ 1,500 ብር በቴሌብር ያስገቡ።» እነዚህ ያው ሰዎች ናቸው ወይም ቁጥሯን የሸጡላቸው፣ አላወቅንም። አንዴ የተጭበረበረ ሰው ተስፋ ስለሚፈልግ ድጋሚ ይመጡበታል። እትዬ ያቺን የቅርንጫፏን ልጅ ስም ጠርታ «እሷን አገናኙኝ» አለቻቸው። ዘጉት። ባንኩ ግን ይህን ሁለተኛ ዙር ቀድሞ ሊነግረን ይገባ ነበር። ማመልከቻ ስናስገባ የሰጡን ወረቀት ላይ «ማንም ብር ለማስመለስ ክፍያ ቢጠይቅዎ እኛ አይደለንም» የሚል አንድ መስመር አልነበረም። ይህንንም በአስተያየት መስጫቸው ጽፌላቸዋለሁ።

ሌላው ቅሬታዬ መተግበሪያው ነው። ሒሳብን ራስ በራስ ለጊዜው የመዝጊያ ቁልፍ አለው። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው፣ ሦስት ገጽ ውስጥ ገብቼ፣ ከቋንቋ መቀየሪያው ሥር ተደብቆ አግኝቼው። እንዲህ ያለ ነገር የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ በቀይ፣ በአማርኛ መሆን አለበት። ለብድር ማስታወቂያ የመጀመሪያውን ገጽ ግማሽ ሰጥተውታል። ቦታ የለም እንዳይሉኝ።

አዲስ መሣሪያ ላይ ሒሳብ ሲከፈት ወዲያው ትልቅ ገንዘብ እንዳይወጣ ማድረግም ይችላሉ። የእትዬ ሒሳብ ለዓመታት ከአንድ ስልክ ብቻ ሲንቀሳቀስ ኖሮ በአንድ ጠዋት ከማይታወቅ ስልክ ተከፍቶ በአምስት ደቂቃ ውስጥ 46,500 ብር ሲወጣ ማንንም አላጠራጠረም? ለአዲስ ስልክ የመጀመሪያውን ቀን ገደብ ቢያደርጉ እኮ እውነተኛውን ደንበኛ የሚጎዳው በጥቂቱ ነው። በዚህ ነገር ላይ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅም ከእኔ ጋር ተስማምቷል፤ ለዋናው መሥሪያ ቤት እንደሚያቀርበው ነግሮኛል።

ከባንኩ ጋር እንቀጥላለን ወይ? እትዬን ጠየቅኋት። «ልጅቷ እዚያ እያለች የት እሄዳለሁ?» አለችኝ። እኔም ገባኝ። አንድ ሠራተኛ ባንኩን ሁሉ ተሸክማለች። ለቅርንጫፉ 5 የሰጠሁት በእሷ ነው፣ በጥበቃውም ጭምር።

የታገደው 16,500 ብር ኅዳር መጨረሻ ላይ ወደ እትዬ ሒሳብ ተመልሷል። መግባቱን የሚገልጸው መልእክት የመጣው በእንግሊዝኛ ነው፤ ስልኩን ይዛ ሱቋን ዘግታ ቤቴ ድረስ መጣች፣ እንዳነብላት። ያቺን ማታ ቁጥሩን ጣቷ ላይ ይዛ ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። 30,000ው በፖሊስ እጅ ያለ ጉዳይ ነው። ስለ ቋንቋውና ስለ ስልክ መስመሩ ለባንኩ የጻፍኩት ደብዳቤ ቁጥር ተሰጥቶታል፣ መልስ ገና አልመጣም። ሲመጣ ነጥቡን አስተካክላለሁ።